የመሳቢያው መብራት

"ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ታዲያ ባትሪውን ማን ነው የሚጨርሰው?" ልጅየው የመኪናው ኮፈን ስር እንዳጎነበሰ ጮኸ። እናቱ አልወርድም ብላ ከፊት ወንበር ላይ በሩን ዘግታ ተቀምጣለች። "ይቺ አሮጊት መኪና አሳረረችኝ እኮ!"

"አሮጊት አትበላት፣ አባትህ ይሰማል" አለችው በመስኮቱ። አባቱ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ ቢነቅልም ከባትሪው የሚወጣውን ኤሌክትሪክ የሚለካበት ቴስተር ቁጥር አልወርድ አለ። በመጨረሻ የውስጥ መብራቶቹን ፊውዝ ሲነቅል ቁጥሩ ወደቀ። መልሶ ሰካውና አንገቱን በመስኮቱ አስገባ። በእናቱ ጉልበት ፊት ካለው መሳቢያ ጠርዝ ቀጭን ብርሃን ይወጣ ነበር። ከፈተው። ለካ የአባቱ መነጽር መያዣ ክዳኑን ገትሮት፣ ገጥሞ ስለማይዘጋ መብራቱ ቀን ከሌት ይበራ ኖሯል።

"እማዬ! በየማለዳው ጎረቤት እየለመንኩ የምገፋው ለዚህ ነው?"

"መንገዱን ይይልን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"

"እሺ፣ መነጽሩ ይቀመጥ። አምፖሉን ግን አወጣዋለሁ" አለና ነቀለው።

እናቱ ጎንበስ ብላ የጨለመውን መሳቢያ አየች። "ታዲያ በጨለማ ምኑን ያያል?" አለች ቀስ ብላ።

አምፖሉ መዳፉ ላይ ገና ትኩስ ነበር። ልጅየው በረጅሙ ተነፈሰ፣ መልሶ ሰካው፣ ሄዶም ኮፈኑን ድው አድርጎ ዘጋው።

"ነገ ስገፋ ግን" አለ፣ "ቢያንስ አንቺ ውረጂልኝ!"