ካሴቱ ላይ የወጣው ስም

ሰውየው ጌም የሚጫንበትን ካሴት ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገና «ሰልችቶኛል፤ ፈትሽና ግዛኝ» አለው። ባለሱቁ ካሴቱን የእጅ ጌሙ ላይ ሰክቶ ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የተጫዋቹ ስም ብቅ አለ፦ ኪሩቤል።

አምና የባለሱቁን ታናሽ ወንድም ኪሩቤልን በጩቤ ወግተው ገድለው የጌም ካሴቶቹ ያሉበትን ቦርሳ ይዘው የተሰወሩት ሰዎች እስከ ዛሬ አልተያዙም።

ባለሱቁ ባንኮኒውን ዘሎ ሰውየውን አነቀው። አፍንጫውን በቡጢ አደቀቀው፣ ወለሉ ላይ ዘርሮ ጎኑን በእርግጫ አለው። «ወንድሜን! ወንድሜን በላኸው!»

«ካንተው ሱቅ እኮ ነው የገዛሁት!» አለ ሰውየው ደም እየተፋ።

ባለሱቁ እግሩን ሰበሰበ። ጠዋት ፈትሾ ከደረደራቸው አዳዲስ ካሴቶች አንዱን አንስቶ ሰካ፤ ኪሩቤል የሚል ወጣ። ሌላም ሰካ፤ ያም ኪሩቤል ይላል። ከቀብሩ ወዲህ፣ ካሴት ጨዋታ መዝግቦ ያስቀምጥ እንደሆነ በሞከረ ቁጥር፣ የተጫዋች ስም ሲጠየቅ ጣቱ ሳያስበው የሚጽፈው ይህንኑ ስም ነበር።