የዓሦቹ ቀለብ

የእጅ ቦምቡ ግራና መንደር ካለው የዓሣ ኩሬያቸው መሃል ሲፈነዳ ውሃው ዘሎ ዙልፋን ከራስ እስከ እግሯ አራሳት። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ተንሳፈፉ። ባሏ ሙጃሂድ "ኧረ ምን በደልናችሁ?" ብሎ ሲጮኽ፣ ከታጣቂዎቹ መካከል ቦምቡን የወረወረው በሰደፍ አፉን አለው። ጥርሱ ረግፎ በግንባሩ ተደፋ።

ታጣቂው ኩሬው ዳር ከቆመው በርሜል የሚወጣው ግማት አፍንጫውን ሰነፈጠው። "ማንን ገድላችሁ ነው እዚህ የደበቃችሁት?" አለና አፈሙዙን ሙጃሂድ ማጅራት ላይ ደገነ።

"ወላሂ ትል ነው!" አለች ዙልፋ። "መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የፋብሪካ መኖ አይመጣም። ዓሦቹን የምንቀልበው የዝንብ ትል አርብተን ነው።" እጇን በርሜሉ ውስጥ እስከ ክርኗ ሰዳ የሚርመሰመስ ነጭ ትል በእፍኟ አወጣችለት።

"ቀለብ ከሆነ ባልሽ ይብላዋ!" ብሎ ታጣቂው ጠመንጃውን አቀባበለ።

ዙልፋ ባሏን ቀደመችው። ቢስሚላህ ለማለት ምላሷ እምቢ አላት። እፍኟን ወደ አፏ ገለበጠችና ዓይን ዓይኑን እያየች አላምጣ ዋጠች። ታጣቂው ፊቱን አዙሮ ተፋ። ከጓደኞቹ ጋር የሞቱትን ዓሦች በጆንያ ሞልተው ወደ መርሳ መንገድ ወጡ።

ያን ጊዜ "ሐራም በላሁ፣ ሙጃሂዴ" እያለች አነባች።

እሱ እየዳኸ በርሜሉ ዘንድ ደረሰ። በደም በተጨማለቀ እጁ ትል ዘግኖ ወደ ቆሰለው አፉ ከተተ።

"ወንጀል ከሆነም" አላት እንደምንም ውጦ፣ "ብቻሽን አትሸከሚውም።"