ስታሜንካ መስኮቷ ላይ የለጠፈችው ዕቅድ

ዶብሪላና ስታሜንካ የተጣሉት በአንድ ግድግዳ ነው።

ፊት ለፊት በሚኖሩባቸው ሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለው ግቢ ውስጥ ነፋስ የማይደርስበት ግድግዳ አለ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሴቶቹ ምድጃቸውን አውጥተው ቀይ ቃሪያ ይጠብሱና ለብርዱ ወራት በጠርሙስ ያሽጋሉ። ግድግዳው ሥር የሚበቃው አንድ ምድጃ ብቻ ነው። ያንን ቦታ ቀድማ የያዘች፣ የዚያ ዓመት የሰፈሩ ንግሥት እሷ ናት። ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሻምተውበታል።

ዘንድሮ ግን ዶብሪላ ከወንበሯ አልተነሳችም። በበረዶው ወር ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ከገጠመ ቆይቷል፤ ሐኪሙም ተራመጂ ብሏታል። እሷ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ የት ልሄድ ብላ ቁጭ አለች።

ልጇ ኔናድ ከዋና ከተማው ከቤልግሬድ መጥቶ ቁርጡን ነገራት።

"እማዬ፣ እስከ ቃሪያ ሰሞን ደረጃውን በራስሽ ካልወረድሽ የአረጋውያን መኖሪያ አስገባሻለሁ። ቦታም ይዣለሁ።"

"ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው!"

"መውጣቱንማ ብትችዪ ምን አስጨነቀኝ።"

መስኮቱ ክፍት ነበር። ከማዶ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ስታሜንካ ክርኗን ተደግፋ ሁሉንም ሰምታለች። ሳል እያቋረጣት ሳቀች።

"ሂጂ እንጂ፣ አንቺ ዱባ! ግድግዳውን እኔ እጠብቅልሻለሁ!"

"አፍሽን ዝጊ፣ ከሲታ!"

በማግስቱ በስታሜንካ መስኮት ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ። ዶብሪላ የሟች ባሏን የአደን መነጽር አውጥታ አነበበች። "እስከ ቃሪያ ሰሞን" ይላል ርእሱ። ከሥሩ ደረጃውን መውረድ፣ ዳቦ ቤት ደርሶ መመለስ፣ እስከ ድልድዩ መሄድ፣ ከገበያ አንድ ከረጢት ቃሪያ ተሸክሞ መምጣት ተዘርዝሯል። ከእነዚህ በታች ያለውን የመጨረሻ መስመር የአበባ ማሰሮ ከልሎታል።

"ደረጃ መውረድም ዕቅድ ሆነ!" አለች ዶብሪላ ብቻዋን። ከዚያ ነገሩ ገባትና ፊቷ ተለዋወጠ። ይቺ ከሲታ ለግድግዳው ልምምድ ጀምራለች!

ያን ዕለት ዶብሪላ የደረጃውን ብረት ተደግፋ፣ በየደረጃው አንዳንድ እርግማን እያወረደች፣ ግቢው ድረስ ወረደች። ስትመለስ ላብ አጥምቋት ነበር። ማታ መነጽሯን ስታነሳ የመጀመሪያው መስመር ተሰርዟል።

"ቀጣፊ! እኔን አይታ ወረደች!"

ዳቦ ቤቱም እንደዚያው ሆነ። ዶብሪላ ደርሳ መጣች፤ ማታውን መስመሩ ተሰረዘ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የስታሜንካን የእህት ልጅ ያስናን አግኝታ ነበር።

"አክስትሽ ቀደመችኝ?"

"የአክስቴን ነገር አክስቴን ይጠይቋት፣ እማማ ዶብሪላ" አለች ያስና ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ከአክስቷ መስኮት ሥር ቆማ ዳቦና መድኃኒት ቅርጫት ውስጥ ከተተች። ስታሜንካ ቅርጫቱን በገመድ ወደ ላይ ጎተተችው።

"እዩልኝ!" አለች ዶብሪላ። "ለዳቦ ቅርጫት ታወርዳለች፣ ለተንኮል ሲሆን እግር ታወጣለች!"

የድልድዩ ቀን ዶብሪላ ግቢው መሐል ቆማ ጮኸች። "ቀደምኩሽ!"

"በኤሊ ተቀደምኩ በይኛ! ነገ ዝናብ ነው፣ ተኚ!" አለች ስታሜንካ ከመስኮቷ።

ዘነበ። ዶብሪላ አልተኛችም፤ ጃንጥላዋን ይዛ ድልድዩን ደገመችው።

መስከረም ገባ። ኔናድ ሲመጣ እናቱን ያገኛት የቃሪያ ከረጢት ትከሻዋ ላይ አድርጋ ደረጃውን ስትወጣ ነው። ሊቀበላት እጁን ቢዘረጋ መታችው።

"በል ያንን የያዝከውን ቦታ ለራስህ አድርገው።"

በማግስቱ ማለዳ ምድጃዋን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። ማንም አልቀደማትም። ስድቧን አዘጋጅታ ቀና ስትል የማዶው መስኮት ተዘግቷል። ወረቀቱ ላይ የሚታየው መስመር ሁሉ ተሰርዟል። ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ደግሞ የማዶውን ሕንፃ መግቢያ በር አየች። ጥቁር ጠርዝ ያለው የሞት ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ የስታሜንካ ፎቶ፣ ስሟ፣ ከሥሩም ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት መሆኑ።

መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው።

"አሁን ማንን ልስደብ?" አለች።

ምድጃውን ትታ ሦስቱን ፎቅ ወጣች። ያስና በሩን ከፈተችላት። መስኮቱ ሥር ያለው የስታሜንካ ወንበር መራመድ ለማይችል ሰው የሚሠራው ባለ ጎማ ነበር።

ዶብሪላ የአበባ ማሰሮውን ገፋ አድርጋ ወረቀቱን ከመስተዋቱ ላይ ላጠችው። ማሰሮው ከልሎት የነበረው መስመር አልተሰረዘም።

"ዱባዋ በራሷ እግር መጥታ ትቅበረኝ።"