ልጃቸው የሠራው ጄል

የናሁሠናይ እናት ላብራቶሪው በር ላይ ጥቁር ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጄ ሲለፋበት የነበረውን ነገር አሳዪኝ» አሏት።

ወጣቷ ተመራማሪ ሟቹ ባልደረባዋ ናሁሠናይ የሠራውን፣ ለስላሳ ጎማ የመሰለ ጄል ውሃ በሞላው ሳህን ላይ አንሳፈፈችው። የብረት ብናኝ ስላለበት ጥላሸት መስሏል። በምላጭ ለሁለት ቆረጠችውና ቁራጮቹን መልሳ አጠጋጋቻቸው። ትንሽ ቆይታ አንዱን ስታነሳው ሌላውም ተከትሎ ተነሳ።

«ቁስሉን ራሱ ያድናል፤ ማግኔት ሲጠጋው ደግሞ ተከትሎ ይሄዳል» ብላ ማግኔት ልታመጣ ወደ ቁም ሳጥኑ ዞረች። ናሁሠናይ ትዝ አላት። ኬሚካል የሚያማስልባትን፣ ክኒን የምታክል ነጭ ማግኔት ኪሱ ውስጥ እየረሳ ይሄድ ነበር፤ እሷም ሁልጊዜ ትቆጣው ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ያውቀኛል እንዴ?»

ስትዞር እናትየው ሳህኑ ላይ አጎንብሰዋል። ጄሉ ወደ እሳቸው ተንሳፍፎ ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። ወደ ሌላው ጎን ሄደው አጎነበሱ፤ ጄሉም ቀስ ብሎ ተከተላቸው። ቁም ሳጥኑ ገና አልተከፈተም፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነው።

«እማማ፣ አንገትዎ ላይ ምን አለ?»

ማተባቸውን ከነጠላው ስር ሳቡት። ከመስቀሉ ጎን አንዲት ክኒን የምታክል ነጭ ነገር በክር ተጠፍራ ተንጠልጥላለች።

«ሲገንዙት ከኪሱ ያገኙት ይህችን ብቻ ነው። ክታቡ መስላኝ አሰርኳት። አይደለችም እንዴ?»

ወጣቷ ቁልፉን መልሳ ኪሷ ከተተች።

«ናት እማማ። አያውልቋት።»