ጀርባ ለጀርባ

በጃቫ፣ እኛ መንደር፣ ሩዝ የሚተከለው ወደ ኋላ እየተሄደ ነው። አጎንብሰን ችግኙን ጭቃው ውስጥ እየሰካን እናፈገፍጋለን። ዞር ብሎ ማየት የለም፤ መስመሩ ይጣመማል።

እልኸኛዋ ጓደኛዬ ሳሪንተን ብቻ ከማዶ፣ ከወንዙ በኩል ትጀምር ነበር። መሀል ላይ ጀርባዋ ከጀርባዬ ይጋጫል፤ እኔ እስክስቅ ድረስ ንቅንቅ አትልም። ባለፈው አጨዳ ቀበርናት።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሆነን ገባን፤ እኔ፣ እትዬ ቱኪነምና ምራታቸው ላስትሪ።

"ዋጊያህ፣ ዛሬ እጅሽን ምን ነካው? ዳክዬ እንኳን ካንቺ ይፈጥናል" አሉኝ እትዬ ቱኪነም።

"ዳክዬን ወገቡን አያመውማ" አልኳቸው። ላስትሪ ሳቀች።

እኩለ ቀን ሲቃረብ እትዬ ቱኪነም ችግኝ ሊያነሱ ዞር አሉና ደርቀው ቀሩ።

"በወንዙ በኩል ያለውን ማን ተከለው?" አሉ።

ላስትሪም ዞረች። የያዘችው ችግኝ ከእጇ ወደቀ። ሁለቱም የሚያዩት ከእኔ ኋላ ነው።

"ዋጊያህ" አሉ እትዬ ቱኪነም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እንዳታፈገፍጊ።"

እግሬ ግን ቀድሞ ሄዷል። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ ጀርባ ከጀርባዬ ገጠመ። ንቅንቅ አላለም።

እስክስቅ እየጠበቀኝ ነው።