በነጥቦቹ ቦታ

ለፊልም የግርጌ ጽሑፍ በማዘጋጀት እሳት የላሰች ናት። ፋይሉ አልሠራ ብሎ ሲያስቸግራት ከጽሑፍ እይታ ጥሬ ኮዱን በቁጥር ወደሚያሳየው ሄክስ እይታ ትቀይረውና ለዓይን የማይታየውን ትርፍ ምልክት ከቁጥሮቹ መሃል ለቅማ ታወጣለች። በሄክስ እይታ ግራው ቁጥር ነው፤ ቀኙ ደግሞ ቁጥሩን በፊደል ማሳየት ሲገባው የአማርኛ ፊደል ስለማያውቅ ነጥብ በነጥብ ይሆናል።

ዛሬ ግን በነጥቦቹ ቦታ «እታለም፣ ድንቹን ልጣደው?» የሚል ጥርት ያለ አማርኛ ተቀምጧል።

«እታለም፣ ድንቹን ልጣደው?» አለ ታናሽ ወንድሟ ከወጥ ቤት።

«ጣደው፣ አንተ ሆዳም!» አለችው ሳታስበው።

ቶሎ ብላ ወደ ጽሑፍ እይታ መለሰችው። የፊልሙ ንግግር ብቻ ነው፤ ስለ ድንች የሚያወራ የለም። እንደገና ወደ ሄክስ ስትቀይረው የእሷ መልስ ከነሆዳሙ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «ትናንት ድስቱን የጠረገው ማን ሆነና!» ይላል።

«ትናንት ድስቱን የጠረገው ማን ሆነና!» ብሎ ወንድሟ ሳቀ።

ክው አለች። ገጹን ወደ ታች አወረደችው። «እታለም?» ይላል ቀጣዩ። የእሷ መልስ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ግን ዜሮ ብቻ ተደርድሯል። «እታለም፣ ምነው ዝም አልሽ?» ዜሮ። «እታለም! ኧረ በፈጠረሽ!» ዜሮ፣ ዜሮ፣ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ዜሮ።

ወጥ ቤት ውስጥ ክዳን ሲገጠም ተሰማ።

«እታለም?» አለ ወንድሟ።

አቤት ልትለው አፏን ከፈተች።