ነጥብ፣ ነጥብ፣ ስላሽ

ነጥብ፣ ነጥብ፣ ስላሽ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች። የልጅ ልጇ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፤ ፊቷን ቀለም በቀለም አድርጋ ትስቃለች።

“ውይ የኔ እናት፣ ቁመትሽ!” አለች በልቧ።

ልጇ በሠርጉ ቀን ስለ ሙሽራዋ ባመለጣት አንድ ቃል ካኮረፋት ወዲህ ስልኳን አያነሳም፤ ይቺን ሕፃንም አቅፋት አታውቅም። የልጁን ፎቶዎች ግን የሚያስቀምጠው እናቱ ፕሮግራም እየጻፈች በምትሠራበት የፎቶ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ነው። ድረ ገጹ ደግሞ የጻፉለትን የፋይል ስም ሁሉ የሚያምን የዋህ ነው። ከስሙ ፊት እነዚያን ምልክቶች፣ ሁለቱን ነጥቦችና ስላሽ የምትባለዋን ዘመም ያለች መስመር፣ ከጨመሩበት ከራስ ፎልደር አስወጥቶ የሰው ፎልደር ውስጥ ይዶላል። ቀዳዳውን ካየችው ቆይታለች። ምን ታድርግ፣ አፏን ይዛ ኖረች።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ደንበኛ እያለቀሰች ደወለች። የማታውቀው ሰው የገዛ ልጇን ፎቶ ልኮላት ነው። ቀዳዳውን ሌላም ሰው አግኝቶታል።

“እትዬ፣ ከፋይሉ ስም ላይ ነጥቦቹን ብንሰርዛቸውስ?” አለ ከጎኗ የሚሠራው ባልደረባዋ፣ ወንበሩን ወደ እሷ እየገፋ። “ባንዴ እንገላገል ነበር።”

“አንተ ደግሞ! በሌላ አጻጻፍ ይመጡብሃል። መጀመሪያ መንገዱ የት እንደሚያደርስ እንይ፤ ከባለቤቱ ፎልደር ከወጣ እንከልክል።”

“እርስዎ ሌባ ቢሆኑ ኖሮ አልቆልን ነበር እኮ!”

ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

መከልከያውን ጻፈችው። ጥቂት መስመር ነው፤ የምትዘጋው ግን የራሷንም መስኮት ነው።

“በሉ ይሞክሩት።”

ጣቶቿ የለመዱት መንገድ አንድ ነው፤ ያንኑ ጻፈች። ስክሪኑ ነጣ። “አልተፈቀደም” አላት።

“እሰይ! እጅዎ ይባረክ!” ባልደረባዋ ለአለቃቸው ሊያበስር ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር እንደማንኛውም ደንበኛ በፊተኛው ገጽ ገባች። የልጇን ስም ፈልጋ አገኘች። ከሥሩ “ለማየት ፈቃድ ጠይቅ” የሚል ቁልፍ አለ። የሠራችው እሷ ናት፤ ለራሷ ነክታው ግን አታውቅም።

አሁን ነካችው። “እናትህ ነኝ” ብላ ጻፈች። አጠፋችው።

“እማ ነኝ” አለችና ላከችው።

አንዲት ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች፤ “መልስ በመጠበቅ ላይ።” ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አደረገች።